የስልሳ ዓመት አውሮፕላን ብሎን ከየት ይገዛል?

ጃንዋሪ 4 ቀን 2017። ከሰሜን ዳኮታው ማይኖት የአየር ኃይል ሰፈር ለልምምድ የተነሳ አንድ ቢ-52 ቦምብ ጣይ አየር ላይ እያለ ሞተሩ ወደቀ። ተበላሸ አላልኩም፤ ወደቀ። ከክንፉ ተገንጥሎ ሰው የማይኖርበት ሜዳ ላይ አረፈ። ደግነቱ አውሮፕላኑ ስምንት ሞተር ነው ያለው። አብራሪዎቹ በቀሩት ሰባቱ ተመልሰው አረፉ። ውስጥ ከነበሩት አምስት ሰዎች የተጎዳ አልነበረም።

ወሬው ያኔ ጉድ ተብሎ ተወርቷል። እኔን ግን ያሳሰበኝ ማግስቱ ነው። የጥገና አለቃው ጠዋት ቢሮው ገብቶ ምን ብሎ አዘዘ? ያ ሞተር ቲኤፍ-33 ይባላል። ምርቱ የቆመው በ1985 ነው። አዲስ ልግዛ ቢል የሚሸጥለት የለም። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው። በእኛ ስቆጥር ዓ.ም. እላለሁ።)

ቢ-52 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በአፕሪል 1952 ነው። ቦይንግ በጠቅላላው 744 ሠራ። ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት የመጨረሻው ዓይነት፣ ቢ-52ኤች የሚባሉት ብቻ ናቸው። ከ102ቱ 76 ቀርተዋል። የመጨረሻዋ ከካንሳሱ የዊቺታ ፋብሪካ ወጥታ ለአየር ኃይሉ የተሰጠችው በኦክቶበር 1962፣ በእኛ ጥቅምት 1955 ዓ.ም. ነው። ጃንሆይ ዙፋን ላይ ናቸው። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዎቹን ጄቶቹን፣ ቦይንግ 720ቢዎቹን ተረከበ። የእነዚያ ጄቶች ሞተር ጄቲ-3ዲ ነበር። ቲኤፍ-33 ማለት የጄቲ-3ዲ ወታደራዊ ወንድም ነው። እነዚያ 720ዎች ከቦሌ ከጠፉ ዘመን የለውም። የሞተራቸው ወንድም ግን ዛሬም ማይኖትና ሉዊዚያና ባርክስዴል ላይ ጠዋት ጠዋት ጥቁር ጭሱን እየለቀቀ ይነሳል። አየር ኃይሉ አውሮፕላኑን እስከ 2050ዎቹ ድረስ አበርረዋለሁ ብሏል። አንድ መቶ ዓመት ሊጠጋው ነው ማለት ነው።

እንዴት ሊሆን ይችላል? ብረቱ አልደከመም ወይ? መልሱ ከሚጠበቀው ይቀላል። እነዚህ አውሮፕላኖች በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ብዙ ጊዜያቸውን ያሳለፉት መሬት ላይ ቆመው፣ ቦምባቸውን ተሸክመው፣ ደወል እየጠበቁ ነው። በዕድሜ ሽማግሌ ናቸው፣ በበረራ ሰዓት ግን ያን ያህል አልሮጡም። አንድ የመንገደኛ ጄት በዓመት የሚበረውን እነሱ በብዙ ዓመት ነው የሚበሩት። አካላቸው ሲሠራም ወፍራም ተደርጎ ነው። መሬት ላይ ቆመው ስታዩአቸው የጎናቸው ቆርቆሮ ካኘከው ላም የተወሰደ ሸሚዝ ይመስላል፤ ጭምድድድ ያለ ነው። የቆዳው ጭምደዳ አያስፈራቸውም፣ አየር ላይ ሲወጡ ይወጠራል። ጣጣው ያለው ሌላ ቦታ ነው።

መኪና ያለው ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። አጎቴ ዲኤክስ አለው። ሞተሩ እንደ ሰዓት ነው፣ ቦዲውም ደህና ነው። ባለፈው ዓመት የግራ ፍሬቻው መስታወት ተሰበረና ሱማሌ ተራ አብሬው ዞርኩ። አንዱ ሱቅ የቀኙ አለኝ አለ። ሌላው «የግራው ከነመብራቱ ካልሆነ አይሸጥም» አለን። ሦስተኛው ልጅ ስልክ ደወለ፣ ጠፋ፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ከሆነ ከታረደ ዲኤክስ ላይ የተፈታ፣ አቧራው ያልተራገፈ ፍሬቻ ይዞ መጣ። አጎቴ ዋጋውን ሲሰማ ሳቀ። ከዚያ ከፈለ። ምን ያድርግ?

የቢ-52 ጠጋኞች ኑሮ በመሠረቱ ይኸው ነው። ልዩነቱ እነሱ ተመሳሳይ የሚመስል ዕቃ አምጥተው መግጠም አይችሉም።

መለዋወጫ ሲባል ሞተርና ክንፍ ይመስለናል። አውሮፕላን መሬት ላይ የሚያስቀረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ትንሹ ነገር ነው። ቫልቭ፣ ማኅተም፣ የሽቦ መገናኛ፣ ኩሽኔታ፣ የመስኮት ፍሬም። በአሜሪካ ጦር እያንዳንዱ ዕቃ 13 አሃዝ ያለው ቁጥር አለው። የመጀመሪያዎቹ አራት ምድቡን ይናገራሉ፣ ቀጣዮቹ ሁለት አገሩን፣ የቀሩት ሰባት ዕቃውን ራሱን። ቴክኒሺያኑ ቁጥሩን ያስገባል። መጋዘን ውስጥ ካለ ይወጣለታል። ከሌለ ግዢ ክፍሉ ያን ዕቃ ይሠራ የነበረውን ድርጅት መፈለግ ይጀምራል። ድርጅቱ ተሸጦ ሊሆን ይችላል። ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ወይም አለ፣ ግን ያን ዕቃ የሚሠራበትን ማሽን ጥሎታል፣ ማሽኑን የሚያውቀው ሰውዬም ጡረታ ወጥቷል።

እስቲ ራሳችሁን በባለቤቱ ቦታ አድርጉት። ትንሽ ቶርኖ ቤት አለህ እንበል፣ አሥራ አምስት ሠራተኛ። መንግሥት ደውሎ «ከሰባት ዓመት በፊት የሠራህልንን ዕቃ አሥራ ሁለት ፍሬ እንፈልጋለን» ይልሃል። ለአሥራ ሁለት ፍሬ ማሽን ማስተካከል፣ ልዩ ብረት ማዘዝ፣ እያንዳንዱን መመርመር፣ በወረቀት ማስረዳት አለብህ። ብረቱን የሚሸጥልህ ደግሞ ከአንድ ቶን በታች አልሸጥም ይላል። ያኔ ወይ «ይቅርብኝ» ትላለህ፣ ወይ ጆሮ የሚያስይዝ ዋጋ ትጠራለህ። ጦሩ የሚከፍለውን ዋጋ ሰምተን «ሌብነት ነው» የምንለው ነገር አንድ ክፍሉ ከዚህ የመጣ ነው።

አንድ ክፍሉ አልኩ። ሌላው ክፍል ያው እንደምታስቡት ነው። በ2024 የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ ዋና ኢንስፔክተር ባወጣው ሪፖርት ሲ-17 ለሚባለው ጭነት አውሮፕላን መጸዳጃ ቤት የተገዛው የሳሙና ማውጫ ገበያ ላይ ካለው ተመሳሳይ ዕቃ ከ80 እጥፍ በላይ ተከፍሎበት ተገኝቷል። የሳሙና ማውጫ! እዚህ ላይ ልዩ ብረት፣ የጠፋ ባለሙያ፣ ምንም ሰበብ የለም። አንድ ሻጭ ብቻ ያለው ገዢ ሁሉ የሚገጥመው ነው። አምራቹ የዕቃውን ንድፍ የራሱ ንብረት አድርጎ ከያዘ፣ ሌላ ቦታ አሠራለሁ ማለት አይቻልም።

ቢ-52 ላይ ደግሞ ንድፉ ቢገኝም ሌላ ችግር አለ። በ1950ዎቹ ኮምፒውተር ላይ አልተሳለም። እርሳስና ወረቀት ነው። አውሮፕላኖቹ በእጅ እየተለኩ፣ እየተሞረዱ የተገጣጠሙ በመሆናቸው ከአንዱ የተፈታ ሽፋን ሌላው ላይ ቀዳዳው ላይገጥም ይችላል። ስለዚህ ዛሬ አንድ ክፍል በአዲስ ሲሠራ አሮጌው ይፈታና በሌዘር ይለካል፣ ከዚያ ንድፉ ከኋላ ወደፊት ይሳላል። ከዚያ ይፈተሻል። ከዚያ ይፈቀዳል። የመጨረሻዋ ቃል ናት ወራት የምትበላው።

አሁን ወደ እርድ ልውሰዳችሁ።

አሪዞና ውስጥ ቱሶን የምትባል ከተማ አለች። ዴቪስ-ሞንታን የአየር ኃይል ሰፈር እዚያ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ጀምሮ አሜሪካ ሥራ የጨረሱ አውሮፕላኖቿን እዚያ በረሃ ላይ ትደረድራለች። ቦታው በደንብ ታስቦበት ነው የተመረጠ። አየሩ ደረቅ ነው፣ ብረት አይዝግም። አፈሩ ደግሞ ጠጣር ስለሆነ አስፋልት ሳያስፈልግ ከባድ አውሮፕላን ይሸከማል። የሚቀመጠው አውሮፕላን ነዳጁ ይራገፋል፣ ቧንቧዎቹ በቀጭን ዘይት ይታጠባሉ፣ ክፍተቶቹ ይታሸጉና በላዩ ላይ ነጭ ቀለም መሰል ነገር ይረጭበታል፤ የአሪዞና ፀሐይ ውስጡን እንዳታቃጥለው። ከዚያ አንድም ይሸጣል፣ አንድም ይታረዳል፣ አንድም ይጠብቃል።

እርዱ አንድ ጊዜ ቃል በቃል እርድ ነበር። አሜሪካና ሶቪየት ስታርት የሚባለውን የኑክሌር መሣሪያ ቅነሳ ስምምነት ሲፈራረሙ 365 አሮጌ ቢ-52ዎች እንዲጠፉ ተወሰነ። በክሬን ወደ ላይ የተሰቀለ ወደ 6 ቶን የሚጠጋ የብረት ስለት ከላይ እየተለቀቀ ክንፋቸውንና ወገባቸውን ቆረጠው። ቁርጥራጩም ለ90 ቀን ሳይነሳ እዚያው ተተወ፣ የሩሲያ ሳተላይቶች ቆጥረው እንዲያረጋግጡ። ለሰላም ጥሩ ነገር ነው፣ አልቃወምም። ጠጋኞቹ ግን የመለዋወጫ ሱቃቸው ሲታረድ ማየታቸው ነው።

የተረፉት ኤች ዓይነቶች ላይ ግን ሌላ ታሪክ ተሠራ። በ2014 ባርክስዴል ውስጥ አንዱ ቢ-52 ጥገና ላይ እያለ በእሳት ተጎዳ። አየር ኃይሉ ወደ ቱሶን ሄደና «ጎስት ራይደር» የሚባለውን፣ ሰባት ዓመት ገደማ በረሃ ላይ የቆመውን አስነሳ። በፌብሩዋሪ 2015 በራሱ ሞተር በሮ ባርክስዴል ገባ። ከበረሃው ተነስቶ ወደ ሥራ የተመለሰ የመጀመሪያው ቢ-52 ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ይበልጥ ይገርመኛል። በሜይ 2016 ጉዋም ደሴት ላይ አንድ ቢ-52 ለመነሳት ሲሮጥ አብራሪዎቹ ወፎች አዩ፣ የሞተር ችግር ምልክትም ታያቸው፣ በረራውን ሰረዙት። ያን ያህል ክብደት ያለው አውሮፕላን በፍሬን ብቻ አይቆምም። ከጅራቱ ፓራሹት ይለቃል። ፓራሹቱ ተለቀቀ፣ ግን አልተነፋም። ፍሬኑ ከአቅሙ በላይ ሆነበት፣ አውሮፕላኑ ከሜዳው ወጥቶ ተቃጠለ። ሰባቱም ሰዎች ወጥተው ተረፉ። 76 የነበረው ቁጥር 75 ሆነ። እሱን ለመተካት በ2019 ከበረሃው የተነሳው «ዋይዝ ጋይ» ነው። ይህ አውሮፕላን ከ2008 ጀምሮ ቆሞ ነበር። የመጨረሻዎቹ በረራ ሠራተኞች ሲያስረክቡት በእጅ የተጻፈ ማስታወሻ ውስጡ ትተው ሄደው ነበር። አውሮፕላኑን ተንከባከቡልን፣ እንደገና እስክንፈልጋት ድረስ የሚል ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ መጥተው ፈለጓት። በኦክላሆማው የቲንከር አየር ኃይል ሰፈር ሙሉ ጥገና ተደርጎላት በ2021 ማይኖት ገባች።

እንግዲህ ሰንሰለቱን ተመልከቱ። ጨርቅ አልተነፋም፣ ስለዚህ በረሃ ላይ የተኛ ቦምብ ጣይ ከእንቅልፉ ተቀሰቀሰ።

ከበረሃው መውሰድ ግን መጨረሻ አለው። እዚያ የቀሩት ኤቾች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ እነሱም ላይ ብዙ ተፈትቷል። ሰፈር ውስጥም ያው ልማድ አለ። ዕቃ ሲጠፋ ከቆመው አውሮፕላን ተፈትቶ ለሚበረው ይገጠማል። ደጋግሞ የሚፈታበትን አውሮፕላን አሜሪካኖቹ «የሃንጋር ንግሥት» ይሉታል። ሁልጊዜ ቤት ናት፣ ሁሉም ይመጣባታል። ችግሩ አንድን ዕቃ ሁለት ጊዜ ትፈታለህ፣ ሁለት ጊዜ ትገጥማለህ። ሥራው እጥፍ ነው። ስትፈታው የሚሰበርም አለ።

መፍታቱ ሲያልቅ መሥራት ይመጣል። በ2020 ቲንከር ላይ ያሉ ባለሙያዎች ለቲኤፍ-33 ሞተር በረዶ መከላከያ የሚሆን ጓርኒሲዮን ከብረት በባለ ሦስት ገጽታ ማተሚያ አትመው ሞተር ላይ ሞከሩት፣ ሠራ። ቀድሞ ወራት ይፈጅ የነበረው ሳምንታት ሆነ። ጓርኒሲዮን ነው እንግዲህ፣ ሳቁ። ግን ያቺ ጓርኒሲዮን ከሌለች ሞተሩ ተገጣጥሞ አያልቅም፣ ሞተሩ ካላለቀ አውሮፕላኑ አይነሳም። እንዲህ ያለው ነገር ግን ሁሉንም ይፈታል የሚሉትን ጋዜጠኞች አትስሟቸው። የሚሽከረከር፣ የሚግል፣ ከተሰበረ ሰው የሚገድል ክፍል በማተሚያ ወጥቶ በቀላሉ አይፈቀድም።

አሁን ማንም የማይጽፍበት ወዳለው ልምጣ። አውሮፕላኑ ዙሪያ የሚቆሙት ዕቃዎች።

ማይኖት ክረምት ላይ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ መውረዱ ብርቅ አይደለም። እንበል ሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፣ አውሮፕላኑ ጠዋት ይበራል። 56 ሜትር የሚረዝም ክንፍ በበረዶ ተሸፍኗል። አጠገቡ ጄኔሬተር በጎማ ላይ ተጎትቶ ይመጣል፣ በወፍራም ገመድ ኤሌክትሪክ ይሰጠዋል። ሌላ ጋሪ ሞቃት አየር በቱቦ ይነፋል። ሌላው ሞተር ለማስነሳት አየር ይገፋል። መብራት የተሸከመ ጋሪ አለ። የሃይድሮሊክ ዘይት የሚገፋ ጋሪ አለ። ቁመቱ ከ12 ሜትር የሚበልጥ ጅራት ለመድረስ መሰላልና መድረክ ያስፈልጋል። በነገራችን ላይ ያ ጅራት በማጠፊያ ወደ ጎን ይተኛል፣ ያኔ የነበሩት ሃንጋሮች ጣሪያ ዝቅ ያለ ስለነበረ። ክሪኩ፣ መጎተቻው፣ ቦምብ ጭኖ ክንፍ ስር የሚያስጠጋው አጭር ትራክተር፣ ሠራተኞቹ «ጃመር» የሚሉት፣ ሁሉም ሰልፍ ይይዛሉ።

አሁን ጄኔሬተሩ አልነሳም ይበል። ብርድ ነው፣ አርጅቷል። አውሮፕላኑ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። እነዚህ ጋሪዎች የራሳቸው ሞተር፣ ጎማ፣ ፊልትሮ፣ ቁጥር፣ መካኒክ አላቸው። የራሳቸው መለዋወጫ ችግርም አላቸው። በጀት ሲቆረስ የምክር ቤት አባል የሚጠይቀው ስለ አውሮፕላኑ ነው። ስለ መሰላሉ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም።

ሞተር የማስነሳቱ ነገርስ? ቢ-52 በድንገት መነሳት ሲኖርበት ጋሪ አይጠብቅም። ሞተሩ ውስጥ ባሩድ ያለበት ካርትሬጅ ይከተትና ይፈነዳል፣ ግፊቱ ሞተሩን ያሽከረክረዋል። ጥቁር ጭስ በጥቁር ጭስ ይሆናል። ካርትሬጁም መለዋወጫ ነው። ይመረታል፣ ይከማቻል፣ ያረጃል፣ ይጣላል። ያ የማቆሚያ ፓራሹትም እንዲሁ ነው። ስፋቱ ወደ 13 ሜትር ነው። ካረፈ በኋላ ይሰበሰባል፣ ይደርቃል፣ ይመረመራል፣ በእጅ ይታጠፋል። ሞተር ቢቀየር እንኳን ይህ ሁሉ ሰው ሥራው ላይ ነው።

ሞተሩ መቀየሩ አልቀረም። ሮልስ-ሮይስ በሴፕቴምበር 2021 ጨረታውን አሸነፈ። ኤፍ-130 የሚባል ሞተር ነው። ቁጥሩ 608፣ ማለትም 76 ጊዜ 8፣ ከዚያ መጠባበቂያ። ውሉ እስከ 2.6 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ ይችላል። የሚገጣጠመው ኢንዲያናፖሊስ ነው። የተለወጠው አውሮፕላን ቢ-52ጄ ይባላል።

ለምን ስምንት? አራት ትልልቅ ዘመናዊ ሞተር አይሻልም? ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ይጠይቃል፣ ቦይንግም በ1996 አራት የሮልስ-ሮይስ ሞተር አድርገን እናከራይህ ብሎ ነበር። ነገር ግን አንዱ የዳር ሞተር ቢጠፋ በሌላኛው ወገን ያለው ትልቁ ሞተር አውሮፕላኑን ወደ ጎን ይገፋዋል። ያን ግፊት የሚመልሰው ጅራት ላይ ያለው መሪ ነው፣ የቢ-52 መሪ ደግሞ ጠባብ ነው። መሪውን ማስፋት ማለት ጅራቱን መቀየር ነው፣ ጅራቱን መቀየር ማለት... ቦዲ ሠሪ ጋ የሄደ ያውቀዋል፣ መቆሚያ የለውም። ስለዚህ ስምንት ትንንሽ፣ በፊት ከነበሩት ጋር የሚቀራረብ መጠን ያላቸው ተመረጡ።

የ1996ቱ ሐሳብ ለምን ወደቀ የሚለውም ይማርካል። አየር ኃይሉ ነዳጅ ርካሽ ነው ብሎ ሒሳብ ሠራ። የቆጠረው ነዳጁ መሬት ላይ የሚሸጥበትን ዋጋ ነው። ቢ-52 ግን ሩቅ ሲሄድ አየር ላይ በሌላ አውሮፕላን ነው የሚቀዳለት። ያ ቀጂ አውሮፕላን፣ አብራሪው፣ የራሱ ጥገና፣ አልተቆጠረም። በኋላ የጉዳዩ አጥኚዎች ይህን አንስተው ተከራከሩ። በሒሳቡ አንድ መስመር መጉደሉ ጉዳዩን ከ20 ዓመት በላይ አዘገየው ብል ብዙም አልተሳሳትኩም።

ኤፍ-130ን ያስመረጠው ነዳጅ መቆጠቡ ብቻ አይመስለኝም። ይህ ሞተር ሀብታሞች የሚበሩባቸው ጋልፍስትሪም ጄቶች ላይ ካለው ቢአር-725 ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ማለትም ሌላ ገዢ አለው። ኩሽኔታውን የሚሠራው ቶርኖ ቤት ሌላ ደንበኛ አለው። ጦሩ ከዚህ ቀደም ብቻውን ይሸከመው የነበረውን የመለዋወጫ ገበያ አሁን ከቢሊየነሮች ጋር ይጋራዋል። ለእኔ የዚህ ሁሉ ፕሮጀክት ብልጠት እዚህ ላይ ነው።

ግን ጊዜው እየሸሸ ነው። አዲሶቹ ሞተሮች ያሏቸው አውሮፕላኖች ለሥራ ዝግጁ ይሆናሉ የተባለው ወደ 2033 ተገፍቷል። ራዳሩም ይቀየራል፣ እሱም ላይ ወጪው ከታቀደው አልፎ በ2025 ለኮንግረስ መናገር ግድ ሆኗል። ደግሞ ሥራው አዲስ ሞተር መስቀል ብቻ አይደለም። ኦክላሆማ የሚገኙት መሐንዲሶች ገመዱና ቧንቧው የት እንደሚያልፍ ለማየት እውነተኛ አውሮፕላን ፈለጉ። የሚበሩትን መንካት አልተፈለገም። ስለዚህ በ2022 መጀመሪያ ላይ «ዳሜጅ ኢንክ. 2» የሚባል ቢ-52 ከቱሶን ተነስቶ፣ ጅራቱና አንድ ክንፉ ተለይቶ፣ በከባድ መኪና ተጭኖ እስከ ኦክላሆማ ሲቲ በአስፋልት ሄደ። መንገድ ዳር የቆሙ ሰዎች ምን እንዳሉ ሳስብ ሳቄ ይመጣል።

ይህ የአሜሪካ ብቻ ጣጣ እንዳይመስላችሁ። የሩሲያው ቦምብ ጣይ ቱ-95 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በዚያው በ1952 ነው። ማምረቻው ከተዘጋ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗል። በጁን 1 ቀን 2025 ዩክሬን በጭነት መኪና ተደብቀው በገቡ ድሮኖች የሩሲያን የቦምብ ጣይ ሰፈሮች ስትመታ ስንቱ ተቃጠለ የሚለው አከራከረ። ለእኔ ግን ቁጥሩ ሁለተኛ ነው። የተቃጠለው በአዲስ አይተካም፤ ለተረፈውም የተቃጠለው ጓደኛው ነው መለዋወጫ የሚሆነው፣ ያውም የሚፈታ ነገር ከቀረው። ቻይና ግን በተቃራኒው በድሮው ሶቪየት ቱ-16 ላይ የተመሠረተውን ኤች-6 ዛሬም አዲስ ትሠራለች። ዲዛይኑ ያረጀ ነው፣ ፋብሪካው ክፍት ነው። መለዋወጫ ለሚፈልግ ሰው ከሁለቱ የቱ ይሻላል?

እኛም ብንሆን ይህን ትምህርት በውድ ነው የተማርነው። በ1977 ደርግና አሜሪካ ሲጣሉ የኢትዮጵያ አየር ኃይል ኤፍ-5 ተዋጊዎቹ የአሜሪካ ሥሪት ነበሩ። ሶማሊያ ወርራለች፣ መለዋወጫ የሚልከው አገር በሩን ዘግቷል። በዚያ ሁኔታ ነው አብራሪዎቻችን ኦጋዴን ሰማይ ላይ ሚጎቹን የገጠሙት። እስራኤል መሣሪያ ለኢትዮጵያ እንደምትሸጥ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ሞሼ ዳያን በ1978 መጀመሪያ ላይ በአደባባይ ተናገሩት። ኢራንም ከ1979 በኋላ ከአሜሪካ የገዛቻቸውን ኤፍ-14 ተዋጊዎች ለአሥርት ዓመታት ስታስታምም፣ አሜሪካ የራሷን አሮጌ ኤፍ-14ዎች በ2007 መፈጨት ጀመረች፣ ብሎኗ እንኳን ወደ ቴህራን እንዳትሄድ። አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። ጃንሆይ በ1968 ከእንግሊዝ አራት ካንቤራ ቦምብ ጣዮች ገዝተው ነበር። ዓይነታቸው ምን ይባል መሰላችሁ? ቢ-52። ከዚህኛው ጋር የሚያገናኛቸው ቁጥሩ ብቻ ነው።

ወደ ዋናው ልመለስ። ከአሁን እስከ 2033ና ከዚያም በኋላ ያለው ጊዜ ነው የሚከብደው። የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች አዲስ ሞተር ሲያገኙ የመጨረሻዎቹ ወረፋ ይጠብቃሉ። እስከዚያ ቲኤፍ-33ን እየጠገኑ መብረር ግድ ነው። ያው ሞተር የነበራቸው ሌሎች አውሮፕላኖች ደግሞ አንድ በአንድ እየወጡ ነው። ኢ-8 የሚባለው የቅኝት አውሮፕላን በ2023 ጨርሶ ተሰናበተ፣ ራዳር ተሸካሚው ኢ-3ም መውጣት ጀምሯል። ደንበኛ ቀነሰ። ያ አሥራ አምስት ሠራተኛ ያለው ቶርኖ ቤት ባለቤት ጋዜጣ ያነባል። ሞተሩ የሚቀርበትን ዓመት ያውቃል። ነገ ተደውሎለት አሥራ ሁለት ፍሬ ሥራልን ሲባል መጀመሪያ የሚቆጥረው ማሽኑን ለመቀየር የሚወጣበትን ብር ነው፣ ቀጥሎ እስከዚያ ዓመት ስንት ጊዜ እንደሚደወልለት።